የተኛ ሰው ይስቃል?

ላስታ ውስጥ ታማሚ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም። ጎረቤት ልጁን አዝሎ ይገባል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሳይጠይቅ የቀረ ይታማል። የቃለሕይወት በር ግን ጥር ከገባ ጀምሮ ዝግ ነው።

ደጃፉ ላይ የሚቀመጡት እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ናቸው። ለመጣው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ተኝቷል። ፍቅረኛው ሰርካለምም ከምታስተምርበት ሙአለ ሕፃናት እንደወጣች ትመጣለች፣ ተኝቷል ትባላለች። ይሁን፣ ታማሚ ይተኛል። ታዲያ ኤልሳቤጥ ለምን ትገባለች?

ኤልሳቤጥ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ነርስ። ፊቷ ጥርት ያለ፣ ነጥብ የሌለበት ነው። ሰርካለም ይህን ፊት አትወደውም። የራሷ ግንባር ላይ ከልጅነቷ የቀረች ጎድጓዳ ጠባሳ አለች፤ ፀጉሯን ጥላ ትሸፍናታለች። ቃለሕይወት እንኳ አይቷት አያውቅም።

የተዋወቁት አሸተን ማርያም መውጫ ላይ ነው። እሱ አስጎብኚ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዳገቱ መሐል ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኮዳዋን ሰጠችው። ስወርድ እመልስልሻለሁ አላት፤ እስከዛሬ አልመለሰላትም፣ በዚሁ ሰበብ ግን ሲመላለስባት ከረመ። ትንፋሹን ያሳጠረው የኩላሊት ሕመም መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ሊያቆሙ ተቃርበዋል። ወንድሙ ፈንታው አንዱን ሊሰጠው ተስማምቶ፣ አዲስ አበባ የንቅለ ተከላ ቀን ተይዞላቸዋል።

ይህን ሁሉ ሰርካለም ታውቃለች። የማታውቀው የበሩን ነገር ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ደጃፉ ስትደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማች። የእሱ ነው፤ የኤልሳቤጥም አለበት። ጆሮዋ ጋለ።

«ተኝቷል ልጄ» አሉ እናቱ፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

«እማማ፣ የተኛ ሰው ይስቃል?»

አልፋቸው በሩን ገፋች፤ ተቀርቅሯል። መቼም ቅናት ሲይዝ ይሉኝታ የለም። «ቃለሕይወት፣ እሷን ከመረጥክ ንገረኝና ልሂድ» አለች በሩን ተደግፋ። እንባዋ መጣ።

የቃለሕይወት ድምፅ ከሳንቃው ጀርባ፣ ጉንጯ አጠገብ መጣ። «ሰርኬ፣ አትግቢ። ክፍልሽ ጉድፍ ገብቷል አሉ።»

ገብቷል። ውሃ እየቋጠረ የሚያሳክከው ጉድፍ ግማሹን ተማሪዎቿን ቤት አውሏል። እሱን ግን በልጅነቱ አልያዘውም፤ ደሙ ተመርምሮ ታውቋል። ቀሪውን ኤልሳቤጥ ከውስጥ አስረዳቻት። ለልጅ የሚቀለው ጉድፍ ኩላሊቱ የደከመን ትልቅ ሰው ክፉኛ ይጥለዋል፣ ሳንባውንም ሊይዘው ይችላል። ክትባቱ ያልሞተ፣ የተዳከመ ጀርም ስለሆነ ከንቅለ ተከላው በፊት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሰውነቱን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ስለሚወስድ አይሰጠውም። አንዱን መርፌ ወስዷል፣ ሁለተኛው ይቀረዋል። እስከዚያ ቢይዘው ቀኑ ይገፋል፤ ኩላሊቱ ደግሞ አይጠብቅም። እሷ የምትገባው ራሷ ስለተከተበች ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ሊጠይቅ የመጣን ሰው ልጅህ በሽታ ያመጣብናል ብዬ ልመልሰው? አፈርኩ ልጄ። አንቺን ደግሞ፣ ከነዚያ ልጆች ጋር ስትውዪ፣ ከሁሉም አብልጬ ፈራሁሽ።»

ሰርካለም ፀጉሯን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ይህ የጉድፍ ነው። ፊደል ሳልቆጥር ወጥቶብኛል።»

በሩ ገርበብ አለ። ኤልሳቤጥ ጠባሳዋን አየችና፣ አንዴ የወጣበትን ሰው መልሶ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው፣ ለማንኛውም ደምሽ ይታይ አለች። ቃለሕይወት ከኋላዋ አንገቱን አሰገገ። ፊቱ አብጧል፣ ዐይኑ ግን የድሮው ነው። ግንባሯን አየ፤ እሷም ፀጉሯን አልመለሰችም።

«ይህቺን ነው የደበቅሽኝ?» አላት።

የደሟ ውጤት ጥሩ ሆኖ መጣ። ጊዜው ደርሶ ሁለተኛውን መርፌ የወጋችው ኤልሳቤጥ ናት። ሰርካለም አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ኤልሳቤጥ ክንዱን ከሚገባው በላይ እንዳትይዝ ስትጠብቅ ነበር።

በማግስቱ ሙሉዬ የምትባል ጎረቤት የልጅ ልጇን አዝላ ልትጠይቅ መጣች። መርፌው እስኪሠራ ቀናት ይፈጃልና ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልም እንደ ልማዳቸው ተኝቷል አሏት። ይህኔ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«የተኛ ሰው ይስቃል እንዴ?» አለች ሙሉዬ።

«እሱማ ተኝቷል» አሉ፣ አሁን ዐይናቸውን ሳይሰብሩ። «የምትስቀው ምራቴ ናት።»