በሟቹ ቦርሳ የተገኘው ማዞሪያ

ሬሳውን ከግድቡ ሥር ካለው ጉድጓድ ያወጡት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር። ሟቹ ውሃ ለኪው ነው። የተጠረጠረው ደግሞ የገዛ አማቱ፣ የግድቡ በር ጠባቂ። ሁለቱ ባለፈው ሳምንት መጣላታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈር ደግሞ ያወቀውን ደብቆ አያውቅም። የሟቹ ሚስት አባቷን ስታይ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌውን ከካቴናው ይልቅ የሰበረው ይኼ ነው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ መጀመሪያ እሱን አነጋገረችው።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሰባት ሰዓት ላይ። ሲዘጋ ውሃው በጎን ቦይ ይዞራል፣ እሱም ወርዶ ጉድጓዱን ይለካል። በሩ የሚከፈትበትን ማዞሪያ በእጁ ሰጥቼው ምሳ ሄድኩ። የሚወርድ ሰው ማዞሪያውን ይዞ ነው የሚወርደው፣ ማንም እንዳይከፍትበት። ስመለስ በሩ ተከፍቷል፤ ጨርሶ፣ ራሱ ከፍቶ የሄደ መሰለኝ።»

ማዞሪያው እውነትም ከሟቹ ቦርሳ ተገኝቷል።

ግድቡን የሠራው መሐንዲስ ግን ሳቀ። «በሩ ዛሬ ጭራሽ አልተዘጋም! ከመስኮቴ ሳየው ውሃው ሲወርድ ነው የዋለው። ሰውየው ከላይ ነው የወደቀው። ተንሸራቶ ይሁን አማቱ ገፍቶት፣ እኔ ምን አውቄ?»

«ትርፍ ማዞሪያ አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። ከመጣ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም።»

ከግድቡ በታች ዓሣ የምታረባው ሴትዮ ተቆጥታ ነበር። «ሰው ሞቶ ስለ ዓሣ ማውራት ነውር ነው፤ ግን ሊያልቁብኝ ነበር! ከሰባት ሰዓት በኋላ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ወጡ። ስምንት ተኩል ላይ አረፋው ሲመለስ ነው የተረጋጉት።»

«አረፋው ምን አገባው?»

«ውሃ ከግድቡ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፣ እህቴ። የሚተነፍሱት እሱን ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መርፌ ሁሉንም በሩ አጠገብ ሰበሰበች። የሟቹን መለኪያ ዘንግ አነሳች።

«ዓሣ አይዋሽም። በሩ ሰባት ሰዓት ላይ ተዘግቶ ስምንት ተኩል ላይ ተከፍቷል። ጠባቂው አልከፈተም፤ የሱ ማዞሪያ ከሟቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የቀረው አንዱ ማዞሪያ ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ትርፉን ማዞሪያ አቀበላት። ቀለሙ ተልጧል፣ ውስጡ የበሩ ግራሶ ቅባት አለ።

«መሐንዲስ፣ የጠባቂውን ደንብ አያውቁም ነበር። ማዞሪያው እሱ ጋ ያለ መስሎዎት ከፈቱ፤ እሱ እንዲጠየቅበት። ከሟቹ ቦርሳ ሲገኝ ግን ወሬ መቀየር ግድ ሆነ፦ ‹በሩ አልተዘጋም› አሉ።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«የሚወድቅ ውሃ አየር ብቻ አያመጣም፤ መሬትም ይቆፍራል። እርስዎ በሪፖርትዎ ጉድጓዱን አንድ ሜትር ተኩል ብለውታል። ሟቹ ጥልቀቱን ለማመልከት ዘንጉ ላይ ክር ያሰረው አራት ሜትር ላይ ነው፤ ከግድብዎ መሠረት በታች። ያ ከተነገረ ስምዎ አብሮ ይፈርሳል።»

መሐንዲሱ ውሃውን ውሃውን አየ።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ሄደ። ልጅቷ ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባዬ...»

«ማዞሪያውን በእጁ ነው የሰጠሁት፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀችም ነበር፤ እጁን ይዛ ያለቀሰችውም ለባሏ ብቻ አልነበረም።