ስንጥቅ የሌለበት ግድግዳ

ሟቿ እግሮቿ ውሃ ውስጥ፣ ደረቷ ውሃው ላይ በተዘረጋው የጣውላ መሄጃ ላይ ሆኖ በግንባሯ ተደፍታ ነበር የተገኘችው። ከራስጌዋ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ ድንጋይ ተጋድሟል፤ ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል።

መርማሪው የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ አነሳ። ዓምዶቹ ከጥቁሩ ውሃ ይነሱና ጨለማው ውስጥ እንደ ዛፍ ተከፍተው፣ ቅስት ሆነው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ቅስቶቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ድንጋይ ጎድሏቸዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። መርማሪው እዚሁ ከተማ ነው ተወልዶ ያደገው፤ ላይ ባለው መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሷል። ከጫማው ሥር ይህን የሚያህል አዳራሽ መኖሩን ግን እስከዛሬ ጠዋት ድረስ የነገረው ሰው አልነበረም።

«ምን ነበር ይሄ?» አለ።

«የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ዘበኛው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። «የድሮ ሰዎች ለከተማው ሁሉ ውሃ ያቆሩበት። ‹ለንጉሥ እንዲህ አድርገው አልሠሩም፤ ለውሃ ነው የሠሩት› ይሉ ነበር እትዬ ድንጋይ።»

እትዬ ድንጋይ ሟቿ ናት። የጥንት ህንፃ ጠጋኝ ነበረች። ሰው ሲታመም ከምትጠይቅ ይልቅ ግድግዳ ሲታመም ብትጠይቅ ይቀናታል እያሉ ነበር ስሙን ያወጡላት፤ እሷም ወደደችው።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«ራሳቸው ናቸው እንጂ። ቁልፉ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የለም። ማለዳ ይገባሉ፤ ሲገቡ ደግሞ በሩን አይዘጉም። ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ከዚያች ሕፃን ወዲህ እንኳ…» ዘበኛው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የቷ ሕፃን?»

«ውሃው የበላት። እኔ የተቀጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው።» ዓይናቸው ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው በላይ ወዳለው ቤት ሄዶ ተመለሰ። «ባይነሳ ይሻላል፣ ጌታዬ።»

መርማሪው አልገፋቸውም። ሰውን መግፋት አይወድም፤ ራሱም ሲገፋ አይወድም። ሲቸኩሉበት «ቀስ በቀስ» ማለት ልማዱ ስለሆነ ባልደረቦቹ «እንቁላሉ» ብለው ይጠሩታል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ። ፀጉሩ ማለቁ ደግሞ ለስሙ ረድቶታል።

ዘበኛውን እዚያው አቁሞ ብቻውን ወደ ጥልቁ አመራ። ጥቂት እንደሄደ አንድ እግሩ ከጣውላው ሥር ገባና ቅልጥሙ ጠርዙን መታ፤ እስከ ጉልበቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆመ።

«ውይ! ልነግርዎ ስል!» አሉ ዘበኛው ከሩቅ። «አንዷ ጣውላ ባለፈው ሳምንት ነው የተሰበረችው።»

«ነገሩኝኮ፣ አባቴ። ዘግየት አሉ እንጂ።»

ቅልጥሙን እያሻሸ ግድግዳውን ተከትሎ ሄደ። ስንጥቅ ባለበት ሁሉ፣ ስንጥቁን አቋርጦ የተለጠፈ መዳፍ የሚያህል የጄሶ ቁራጭ አለ። ሁሉም ተሰባብረዋል። መጨረሻ ካለው ግድግዳ ላይ የነበረው ከሁሉም ብሶ ዱቄት ሆኗል። መርማሪው ፍርስራሹን በጣቱ ጠርጎ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ዳሰሰ። ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአንድ ዓምድ ሥር ጭቃውን ተመለከተ። ጭቃው ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹህ ጉድጓድ ነበር፤ አንድ ነገር ለረጅም ዘመን ተኝቶበት ዛሬ የተነሳ የሚመስል።

ደረጃውን ወጥቶ አየር ሲያገኝ ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው።

«እንቁላል! ዛሬ እንኳ በእግርህ አትሂድ፤ ሩጥ። ድንጋይ ወደቀባት፣ ሞተች፤ ያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አሁን መንገዱ ይደረመሳል ብሎ ሰግቷል። የኮንክሪት መኪኖች ቆመዋል። ቀትር ላይ ትፈርማለህ፣ ጉድጓዱ ይሞላል።»

«እስከ ቀትር ሰዓት አለኝ ማለት ነው።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ተከሳሹን ልጠይቀው ነዋ። ሰው ገደለ የተባለው ህንፃው አይደል? አንድ ጊዜ ኮንክሪት ከገባበት ይግባኝ የለውም።»

የሟቿ ወንድም የሚኖረው ከአዳራሹ በላይ ባለው ቤት ነው፤ እሷም እዚያው አንድ ክፍል ነበራት። መግቢያው ላይ ካለው የጫማ መደርደሪያ ላይ፣ ከትልልቆቹ ጫማዎች መካከል፣ አቧራ የለበሱ ሁለት ትንንሽ ቀይ ጫማዎች ተቀምጠዋል። መርማሪው አያቸው፤ አልነካቸውም።

ወንድምየው በእህቱ ክፍል ውስጥ፣ ግራ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው በፎቶ ተሸፍኗል፦ ወደ ምድር ልብ በደረጃ የሚወርዱ የውሃ ጉድጓዶች፣ ነፋስ ለመያዝ የቆሙ የጭቃ ማማዎች፣ በረሃ ውስጥ በረዶ ይቀመጥባቸው የነበሩ ጉልላቶች፣ ለርግብ የተሠሩ ግንቦች። የሁሉም አገር ሩቅ ነው፤ ሁሉም ሰው የረሳቸው ናቸው።

«ያጽናዎት» አለ መርማሪው። «ይህን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሰበሰቡት?»

«ሥራዋ ነበር። ‹ሰው አንጋጦ ስለሚያይ ወደ ታች የተሠራውን ይረሳል› ትል ነበር። ስታጎርሰው ኖረች፤ ይኸው እጇን ነከሳት።»

«እርስዎስ ይወርዱ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ ደረጃውን ከረገጥኩ። ዛሬ ጠዋትም ተኝቼ ነበር።»

«ስለ ሥራቸው ያጫውቱዎት ነበር?»

«እራት ላይ ሳይቀር ጄሶ! ‹ጄሶው ካልተሰበረ ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ ከተሰበረ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።› እኔ ምን አገባኝ?» ሰውዬው የዘረጋውን እግር ቅልጥም አሻሸ። መርማሪውም ሳያውቀው የራሱን እያሻሸ ነበር።

መሐንዲሱን ያገኘው መንገዱ ዳር፣ ከኮንክሪት መኪኖቹ አጠገብ ቆሞ ሲጋራ ሳያቀጣጥል ሲያኝክ ነው። አዳራሹ አደገኛ ነው ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ የጻፈው እሱ ነው።

«አዳራሹን ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከወር በላይ። ደግሞ እኔን ከጠረጠሩ አያፍሩ፤ ይጠይቁኝ። ከሷ ጋር ስንጨቃጨቅ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ነበር የምትጨቃጨቁት?»

«ይንቀሳቀሳል አልኩ፤ አይንቀሳቀስም አለች። ምስክር ለጠፈችብኝ። ያ ጄሶ በሙያችን ምስክር ነው የሚባለው። ክረምቱ አለፈ፤ አንዱም ምስክር በኔ አልመሰከረም። ተረታሁ። የበፊቱን ጽሑፌን እንድሰርዝ ጠየቀችኝ፣ ሰረዝኩ። እነዚህ ሰዎች ግን ዛሬ ሞት ሲሰሙ ተመልሰው ያነበቡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።»

«አፍረው ነበር?»

«አፈርኩ። በእፍረት ግን ሰው አይገደልም።»

«ይገደላል፣ ኢንጂነር። ብዙ አይቻለሁ።» መርማሪው ጣቱ ላይ የቀረውን የጄሶ ዱቄት አራገፈ። «ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ጄሶው እንዴት ነው የሚሰበረው?»

«ፀጉር የምታህል መስመር ትወጣበታለች። በቃ። ሁለቱም ግማሽ ግድግዳው ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።»

«ስንጥቅ በሌለበት ግድግዳ ላይስ ለምን ይለጠፋል?»

መሐንዲሱ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «አዩት እንዴ? እሱን ያስለጠፍኳት እኔ ነኝ። ‹ጄሶሽ ከእርጥበቱ የተነሳ ራሱ ቢሰነጠቅስ?› አልኳት። ‹እንግዲያው አንዱን ጤነኛ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ እሱም ከተሰነጠቀ ጥፋቱ የጄሶው ነው› አለች። ሦስታችን ሆነን ነው የለጠፍነው፤ ዘበኛው ናቸው ያቦኩት። የምስክሮቹ ምስክር አልነው።» ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል አሁን?»

ቀትር ሊሆን ሲል አለቃው ወረቀቱን ይዞ መጣ። መርማሪው ግን ሁሉም ወደ አዳራሹ እንዲወርዱ ለመነ። ሬሳው ተነስቷል። ዘበኛውን ቀድሞ በጆሯቸው «ስለተሰበረችው ጣውላ ትንፍሽ እንዳይሉ» ብሏቸዋል። እሳቸው በሩ ላይ ቀሩ፤ የቀሩት ወንድምየውን አስቀድመው በጠባቡ ጣውላ ላይ በሰልፍ ሄዱ።

መጀመሪያ መሐንዲሱ እግሩ ገብቶ ተንገዳገደ። ቀጥሎ አለቃው እስከ ጉልበቱ ሰጠመና ስለ ዘበኛው፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱና ስለ ተወለደበት ቀን አንድ ላይ ተሳደበ። ከፊታቸው የሄደው ወንድምየው ግን ቀደም ብሎ፣ ሁለቱም ሳያዩት፣ ወደ ታች ሳይመለከት፣ እርምጃውን አስረዝሞ አልፎ ነበር።

ባትሪ ይዞ የተከተለው መርማሪው ብቻ አየ።

«ምስክሮቹ እንደምታዩት ተሰብረዋል» አለ መጨረሻ ሲደርሱ፣ ባትሪውን ግድግዳው ላይ እያዞረ። «አደጋው የቱ ጋ እንደሚብስ ልወቅና ልፈርም። እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ፣ ወንድሜ። የቱ ያስፈራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ያው፣ ከእራት ወሬው።»

ወንድምየው ወደ መጨረሻው ግድግዳ ጠቆመ። «ያ ነዋ። ዱቄት ሆኗል እኮ። እዚያ ነው በጣም የተንቀሳቀሰው።»

መሐንዲሱ ቀረብ ብሎ አየ። ዞረ። ወንድምየውን ሲመለከተው ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር።

«እንቁላል፣ ውሃ ውስጥ አታቁመን» አለ አለቃው።

«ቀስ በቀስ፣ ጌታዬ። መጀመሪያ ድንጋዩ። ከጣሪያው ወድቋል፣ እውነት ነው፤ የወደቀው ግን ዛሬ አይደለም። እዚያ ዓምድ ሥር ጭቃ ውስጥ አልጋው አለ፤ ልኩ ልክ ነው። አንድ ሰው ከአልጋው አንስቶታል። ስለዚህ ሴትዮዋን የገደላት ሰው ነው፤ ህንፃው በሐሰት ነው የተከሰሰው።»

አለቃው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ገዳዩ ግድግዳው የተንቀሳቀሰ እንዲመስል ምስክሮቹን ሰበረ። ኢንጂነሩ ቢሆን ፀጉር የምታህል መስመር አውጥቶባቸው ይሄድ ነበር። ዘበኛውም ሆነ ኢንጂነሩ ደግሞ ያቺን የመጨረሻዋን አይነኳትም፤ ከሥሯ ስንጥቅ የለም። ጤነኛ ግድግዳ ላይ ያለ ጄሶ ምን ብሎ ይሰበራል? ሁለቱም ሲለጠፍ ነበሩ። ይህን ያደረገው ከነገሩ ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው ነው። ጄሶ ሲሰበር ግድግዳ ተንቀሳቅሷል ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የቀረውን ለመስማት ልብ አልነበረውም።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ወንድምየው።

«አይደለም። ጣውላዋ የተሰበረችው ባለፈው ሳምንት ነው። ኢንጂነሩ ገባባት፤ አለቃዬ ገባባት፤ እኔም ጠዋት ገብቼባታለሁ። ሦስት ዓመት አልወረድኩም ያሉት እርስዎ ግን ዘለሏት። እስቲ የግራ ሱሪዎን ከፍ ያድርጉት፣ ወንድሜ። የኔን ላሳይዎትና እናስተያይ።»

ሰውዬው ሱሪውን አላነሳም። ጣውላው ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩ ውሃው ውስጥ ገባ፤ የተሰማውም አልመሰለ።

«ልጄ ናት እዚህ የቀረችው» አለ። «አክስቷን ተከትላ ወረደች። በሩን ክፍት የተወችው እህቴ ናት። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገርኳትም። አንድ ቀን! እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ ድንጋዮቿ ተመለሰች። እኔ ወለሉ ላይ በተራመድኩ ቁጥር የምረግጠው ልጄን ነው። ትናንት መጥታ ‹ፈቀዱልን፤ ለሕዝብ ሊከፈት ነው› ብላ አቀፈችኝ። አቀፈችኝኮ! ሰው ትኬት ቆርጦ፣ እየሳቀ፣ ፎቶ እየተነሳ…»

«ማለዳ ለምን ወረዱ?» አለ መርማሪው፣ በዝግታ።

«ስትወርድ ሰማኋት። ደጁን አየሁት፤ ዛሬም ክፍት ነው። ዛሬም! ዝጊው ልላት ነበር የወረድኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጎንበስ ብላ ጄሶዋን ታያለች፤ ‹እሺ፣ አሁን› አለችኝ። ዞራ እንኳ አላየችኝም።»

አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ዘበኛው በሩ ላይ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅሱ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም።

ወንድምየውን በሁለት ሰው ደግፈው ደረጃውን ሲያወጡት ጫፉ ላይ ቆመና ዞረ።

«በሩ…» አለ።

«እዘጋዋለሁ» አለው መርማሪው።

ላይ፣ የኮንክሪት መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነስተው ኮንክሪታቸውን እንደተሸከሙ እያጉረመረሙ ሄዱ። መሐንዲሱ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዘበኛውን ጄሶ ይኖራቸው እንደሆነ ሲጠይቃቸው ተሰማ። መርማሪው ከሁሉም ኋላ ወጣ። ቁልፉን አዞረ፤ እጀታውን ነቀነቀ። መንገዱ ላይ ከደረሰ በኋላ ቆመ፣ ተመልሶ ወረደ፣ እንደገና ነቀነቀው።