ሃያ ስምንት ጤነኛ ጥርስ

የጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ሹም ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ የተገመጠ ፖም ይዟል፤ ቁራሹ ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሯል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ክፍሉ ወተት ወተት ይሸታል።

የመጣችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት ናት። የማትበሳው ነገር የለማ!

«ታንቆ ነው፤» አላት ሐኪሙ በፍንጭት ጥርሱ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «መቶ ሃያ ኪሎ! የደሙ ስብማ ጣራ ነክቷል። ነፍሱን ይማረውና ሆዳም ነበር።»

ሐኪሙ ክብደት፣ የደም ስብና የጥርስ መበስበስ እንዴት እንደሚያያዙ ሁለት ዓመት ያጠና ሰው ነው፤ የሚጠብቀውም ሹመት በዚሁ ጥናት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሟቹም ከተጠኚዎቹ አንዱ ነበር።

የሟቹ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተዘርፍጣ ደረቷን ትደቃለች።

«ፖሙን የገዛሁለት እኔ ነኝ! ክብደቱ እንዲቀንስ ዶክተሩ መክሮኝ፣ በየሰኞው ወደ ሥራ ስሄድ አደርስለታለሁ። አባዬን በገዛ እጄ ገደልኩት!»

«ወዶት ይበላ ነበር?»

«ሁልጊዜ ‹ማር ነው ልጄ› ይለኛል።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ፖሙን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ የሟቹን ከንፈር በጣቷ ገለጥ አደረገች፤ ከጀርባው ያለውን ትራስም ገለበጠችው። ፊቷ ጠቆረ።

ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ ጓዳዋ ድረስ ሄደች።

«እትዬ፣ ለሟቹ ምን ያቀርቡለት ነበር?»

«ወተት፣ ስኳሩ በዛ ተደርጎ። በቀን አምስት ስድስት ብርጭቆ። ዛሬም አንዱን ጠጥቷል።»

«ፖሙንስ?»

«ኧረ ምን ቆርጦት! ለኔ ልጆች ነው የሚሰጠው። ‹ለልጄ እንዳትነግሪ፣ ቅር ይላታል› ይለኛል፣ እንዲህ አፉን በእጁ ሸፍኖ። ሲስቅም ሲያወራም እንደዚያው ነበር፣ ምስኪን!»

«ዛሬ ከልጁ ሌላ ማን ገባ?»

«ዶክተሩ ብቻ። አርብ ዕለት ሲጨቃጨቁ ነበር። ጋሼ ‹የጥናት ቅጼን አይቼዋለሁ፤ ሰኞ ለበላይ አሳውቃለሁ› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ማደርም አላስፈለገው። ከቀትር በፊት ሐኪሙ፣ ልጅቷና ሻይ የምታፈላው ሴትዮ መዝገብ ቤት ተሰበሰቡ፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩ ባዶውን ቆሟል።

መርማሪዋ አንድ ቅጽ ዘረጋች። «የሟቹ ነው። ክብደቱ ትክክል። የደሙ ስብ ላቦራቶሪ ያወጣው ነው፤ እሱም ትክክል። ጥርስ፣ ‹ሃያ ስምንት ጤነኛ›። ጽሑፉ የማን ነው፣ ዶክተር?»

«የኔ። በቀጠሮው ቀን መርምሬ የሞላሁት።»

«የፊት ጥርሶቹ በስብሰው ከድዱ እኩል ሆነዋል። ዳቦ እንኳ አይቆርጡም። ማኘክ ቢያቅተው ጣፋጭ ወተት ጠጣ፤ ስኳሩ አወፈረው፣ የደሙን ስብ አናረው፣ የቀሩትንም ጥርሶች በላቸው። ሲያጠኑት የኖሩት ነገር እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር! እርስዎ ግን የማንንም አፍ ሳይከፍቱ ቁጥሩን ከራስዎ ፈጠሩ። እሱ ደረሰብዎት።»

«እና በዚህ ተገደለ ነው የምትይኝ?»

«በዚህ ትራስ ታፍኖ። የጠጣው ወተት ደርቆበታል። ከዚያ ልጁ ካመጣችው ፖም ገምጠህ ቁራሹን ጉሮሮው ውስጥ ከተትክ። የራስህን ውሸት አምነህ፣ ጥርስ ያለው መሰለህ!» ፖሙን ከፍ አደረገችው። «ይኸው የጥርስ መስመር፣ መሃሉ ላይ ፍንጭት። እስቲ ሳቅልን፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ፖሊሶቹ ያዙት።

ልጅቷ ፖሙ ላይ አፈጠጠች።

«አንዱንም አልበላም?»

«አንዱንም። አንቺ አልገደልሽውም፣ እህቴ።»

«ማር ነው ይለኝ ነበር፤» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «በየሰኞው አጠገቡ ቆሜ… እኔም አንድ ቀን አፉን አላየሁትም።»