ያልተቆረጡ ገጾች

የመጽሔት ክፍል ኃላፊዋ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎች መካከል በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። አጠገቧ የብረት መሰላል ተጋድሟል። ቤተ መጻሕፍቱን የሚመራው ዳይሬክተር «ወድቃ ነው» ብሎ ስልክ ደወለ። መጀመሪያ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ግን ማጅራቷ ላይ ያለውን ቁስልና መደርደሪያው ሥር የተጣለውን ደም የነካው መጽሐፍ መደገፊያ ብረት አይቶ «ተገድላ ነው» አለ። ገዳዩን ለማወቅም ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። የምድር ቤቱን ዴስክ የምትጠብቀውን ሠራተኛ በካቴና አስሮ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ኢንስፔክተሯ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ በገባችበት ሁሉ ክር ጎትታ ስለምትወጣ ነው። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራት ግን እስካሁን አልተወለደም።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት ወጣቱ ፖሊስ። «ሁለቱ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጥበቃው ሰምቷል። ሟቿ ‹ካልፈረምሽ አንቺም ትጠየቂያለሽ› ስትላት ነበር። አዛዡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያ አምጧት ብለዋል።»

«ካለቀማ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? ለቀብር ነው?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ተንበረከከች። መሰላሉ ወድቋል እንጂ ደረጃዎቹ ላይ የተኛው አቧራ እንዳለ ነው፤ ማንም አልወጣበትም። የሟቿ ፀጉርና ወለሉ ላይ የፈሰሰው ደም ላይ ደግሞ ብጥስጣሽ ወረቀት ተበትኗል። አንዱን በጥፍሯ አነሳችው። ከሥሩ ቀልቷል፣ ከላዩ ግን ነጭ ነው። ኢንስፔክተሯ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሬሳ ላይ የተበተነ ወረቀት ግን አይታ አታውቅም። ከፊቷ ያለው መደርደሪያ ላይ ሽፋናቸው ሰማያዊ የሆነ የአንድ መጽሔት እትሞች ተደርድረዋል። አንዱን ስባ ልትገልጠው ሞከረች፤ ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀዋል።

ወደ ዴስኩ ሄዳ ከታሰረችው ሴት ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ምን ፈርሚ ብላሽ ነው የተጣላችሁት?»

«እኔ የማውቀው የለም።»

«ዝምታሽ ከእስር አያወጣሽም እኮ።»

ሴትየዋ እንባዋን በታሰረ እጇ ጠረገች። «ልጄ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ተኝታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። እባክዎ፣ እስከዚያ ልቀቁኝ። ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«ያ ሰማያዊ መጽሔት የምንድን ነው?»

«የልጆች ሕክምና» አለችና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቀረም። ይህች ሴት ከወህኒ ይልቅ የምትፈራው ሌላ ነገር እንዳለ ግን ገብቷታል።

ግድያው በተፈጸመበት ጊዜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል፣ ምድር ቤት የነበሩት፣ ከሟቿና ከዴስክ ሠራተኛዋ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው። አምስት ሰዓት ላይ የሚቋረጡ መጽሔቶችን የሚወስን ስብሰባ ስለነበር ሊያዩዋቸው ወርደው ነበር። ሦስቱም በየፊናቸው ብቻቸውን ቆይተዋል፤ አንዱ ለሌላው ምስክር መሆን አይችልም።

ዳይሬክተሩ እጁን እያፍተለተለ ነበር የሚያወራው። «ሁለት መቶ ሠላሳ መጽሔት ነበረን። ዋጋው በየዓመቱ ሲንር አርባ አንድ ቀረን። ከበጀታችን ሲሶውን የሚበላው አንድ መጽሔት ነው፣ ያ ሰማያዊው። እሱ ቢቋረጥ ሠላሳ መጽሔት እንመልስ ነበር። እሷም ይቋረጥ ባይ ነበረች።»

«ታዲያ ምን ያዛችሁ?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸዋ! የልጆች ሕክምና ኃላፊ ናቸው። እሳቸው እንቢ ካሉ ማን ይደፍራል?»

ቀጥሎ የገባው መጽሔቶቹን ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያቀርበው ወኪል ነው። ሳይቀመጥ የስጦታ እስክሪብቶ ዘረጋላት።

«መጽሔቱ ቢቋረጥ የሚጎዳው ማነው?» አለችው፣ እስክሪብቶውን ሳትቀበል።

«እኔ ነኛ፤ አልዋሽም። ግን ነጋዴ ደንበኛውን አይገድልም፣ እሜቴ። ሬሳ ውል አያድስም።»

«ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ የተጣበቁት ለምንድን ነው?»

«አሳታሚው የድሮ ወግ ይወዳል። ሳይቆርጥ አጥፎ ነው የሚልከው፤ አንባቢ በቢላዋ እየለየ ያነባል። ለዚሁ ሲባል ዴስኩ መሳቢያ ውስጥ አንድ የወረቀት ቢላዋ አለ። የፈለገ መታወቂያ አስይዞ፣ ደብተር ላይ ፈርሞ ይወስዳል።»

ፕሮፌሰሩ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ሕመምተኞች ይጠብቁኛል» አሏት።

«አላቆይዎትም። ሰማያዊውን መጽሔት ያነቡታል?»

«ያለሱ ክፍላችን ዕውር ነው። የመድኃኒት መመሪያዬን የጻፍኩት እዚሁ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከእሱ ነው። እያንዳንዱን እትም አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«መመሪያው ከመውጣቱ በፊት ነዋ። አምስት ዓመት ያልፈዋል።»

አመስግና ሸኘቻቸው። ከዚያ ዳይሬክተሩን የፕሮፌሰሩን መመሪያ እንዲያመጣላት ጠየቀችና ይዛው ወደ ሰማያዊዎቹ መጽሔቶች ተመለሰች። አንድ በአንድ እያወጣች ገለጠች። ሥራው ጊዜ በላ፤ ወጣቱ ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሰዓቱን አሳያት፣ ሁለት ጊዜም በዓይኗ መለሰችው። በመጨረሻ የቢላዋውን ደብተር አስከፈተች። በሰማያዊው መጽሔት አንጻር የሰፈረው ፊርማ አንድ ብቻ ነው፤ የዛሬ ሦስት ቀን የተፈረመ። የሟቿ ፊርማ ነበር። በራሷ መሥሪያ ቤት፣ ለራሷ ቢላዋ ፈርማ ወስዳለች። ኢንስፔክተሯ ለማታውቃት ሴት አዘነች። እንዲህ ያለ ሰው ሐሰትን ዝም ብሎ አያልፍም። በሟቿ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የምትፈልገውን እትም አገኘችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ንባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የታሰረችውን ሴት ከጎኗ አስቀመጠች።

«ሟቿ አልወደቀችም» አለች። «መሰላሉ ላይ ያለው አቧራ አልተነካም። ከኋላዋ በብረት ተመታለች፤ መሰላሉ የተጋደመው ከዚያ በኋላ ነው። ያዘገየኝ እሱ አይደለም። ደሟ ላይ የተበተነው ወረቀት ነው። ደሙ ሊረጋ ሲል ነው የወደቀበት፤ ከሥሩ ብቻ የቀላው ለዚህ ነው። ሰው ገድሎ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ መጽሔት የሚቀድድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረችና ቀጠለች።

«የመጽሔቱን ሠላሳ ስድስት እትሞች አየሁ። ሃያ ስድስቱ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ አንድ ገጽ አልተለየም። በዘጠኙ ውስጥ ደግሞ በየእትሙ አንድ አንድ ጽሑፍ ብቻ ተለይቷል። ሌላው አርጅቶ ቢጫ ሆኖ ሳለ የእነዚህ ጠርዝ ነጭ ነው፤ የዛሬ ሥራ ነው ማለት ነው።»

ዳይሬክተሩ ወደ ወኪሉ ዞረ። «የተነበበ ለማስመሰል አንተ ነህ!»

«እኔ ብሆን አዲሶቹን ነበር የምለየው!» ብሎ ጮኸ ወኪሉ።

«እውነቱን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሻጭ የሚያሳየው አዲስ ዕቃውን ነው። የተለዩት ዘጠኝ ጽሑፎች ግን የቆዩ ናቸው፤ ሁሉም በዚህ መመሪያ መጨረሻ በምንጭነት ተጠቅሰዋል። ፕሮፌሰር፣ ከአምስት ዓመት በፊት ያነበቡት ገጽ ዛሬ ጠዋት እንዴት ተለየ?»

«መጽሐፌ በአደባባይ የሚሸጥ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸው ሳይናወጥ። «ምንጮቹን ማንም ያውቃል። ይህችም ሴት ጭምር።»

«የቢላዋው መሳቢያ ቁልፍ እሷ ኪስ ውስጥ ነው። ገጾቹ ግን በቢላዋ አልተቆረጡም፤ በደነዘ ነገር ተሸርክተዋል። ቢላዋ ያለው ሰው ለምን በእንጨት ይቀድዳል?» ከማስታወሻዋ መሀል በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፈታችው። «ይህን ስንጥር ገጾቹ መሀል አገኘሁት። ስስ፣ ነጭ እንጨት ነው። ሐኪም የልጅ ምላስ ጫን አድርጎ ጉሮሮ የሚያይበት ዓይነት። የጋዋንዎን ኪስ ያሳዩኝ።»

ፕሮፌሰሩ አልተንቀሳቀሱም። ወጣቱ ፖሊስ እጁን ሰዶ እንጨቶቹን አወጣ፤ የአንዱ ጫፍ ተሰንጥሯል፣ ዳርና ዳሩም ደም ነክቶታል።

«በመመሪያው የተጠቀሱት ምንጮች አሥር ናቸው» ብላ ቀጠለች። «አሥረኛውን ሟቿ ናት በደንቡ ፈርማ፣ በቢላዋ የቆረጠችው። መጽሔቱ ሊቋረጥ ነው ተብሎ ማን እንዳነበበው ስትመረምር፣ የእርስዎ ምንጮች በሙሉ እንዳልተከፈቱ አየች። አንዱን ከፍታ አነበበች። መጽሔቱ መድኃኒቱ ለአንድ ኪሎ የልጅ ክብደት አምስት ሚሊግራም ይሰጥ ይላል። የእርስዎ መመሪያ ዐሥር ይላል። በእርሳስ አስምራበታለች።» እትሙን ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችው።

ፕሮፌሰሩ እትሙን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ሲባል የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ። «ለሹመቱ ቸኩዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ‹ከስብሰባው በፊት ራስዎ ለሆስፒታሉ ይንገሩ፣ አለበለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለችኝ። ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

የታሰረችው ሴት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «መጽሔቱን ማንም ከፍቶት አያውቅም ብለሽ ፈርመሽ መስክሪ ስትለኝ እንቢ ያልኳት እሳቸውን ፈርቼ ነው! ልጄ በእጃቸው ናት። ያን መድኃኒት ነው የምትወስደው!»

ኢንስፔክተሯ ካቴናው እስኪፈታ አልጠበቀችም። ወደ ልጆች ክፍል ደውላ ስልኩን ሴትየዋ ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ የሰባት ቁጥሯ እናት። የልጄን መድኃኒት እንዳትሰጫት!»

«ገና ነው፣ አንቺን እየጠበቅን ነው» አለች ነርሷ። «ምነው፣ ደኅና ነሽ?»

ሴትየዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ተቀብላ በአጭሩ አስረዳች፤ ሐኪም አይቶ እስኪያስተካክለው ድረስ መድኃኒቱ ለማንም ልጅ እንዳይሰጥ ነገረቻት።

«በዚህ ልክ መስጠት የጀመርነው እኮ መመሪያው ከወጣ ጀምሮ ነው» አለች ነርሷ። «አምስት ዓመት።»

«አዎ።»

«የሞቱብን ልጆች በሕመማቸው ሞቱ ነው የተባልነው። ስማቸውን አልረሳሁም። ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ» አለችና ኢንስፔክተሯ ስልኩን በፕሮፌሰሩ ጆሮ ላይ አደረገችው።