ለጠበቃ የተነገረ

የጠበቃው መሳቢያ ሲከፈት አልጮኸም።

ቆቅ ሦስት ደቂቃ ነበራት። ጸሐፊዋ የውክልና ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ወደ ምድር ቤት ወርዳለች። ጠበቃው ችሎት ላይ ነው። ከማኅተሞቹ ሥር ጣቷን ሰደደች። እስክሪብቶ። የመነጽር ቤት። ከዚያ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ።

በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረቻት።

ቆቅ የስለላ መሥሪያ ቤቱ ያወጣላት ስም ነው። በዚህ ቢሮ ግን የባሏ ወንድሞች ከቤቷ ሊያስወጧት የከሰሷት መበለት ናት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ላልነበረ ባል አልቅሳለች። ጠበቃው ማዳመጥ ያውቅበታል። ስልኩን ይዘጋል፣ ሶፍት ያቀብላል፣ «እህቴ፣ ለሐኪምና ለጠበቃ የሚደበቅ ነገር የለም» ይላል። አንዳንድ ቀን እውነተኛው ታሪኳ ሊያመልጣት ይደርስ ነበር። ሰውየው የደንበኞቹን ሆድ የሚያስከፍተው እንዲያ ነው። የነገሩትን ደግሞ በድብቅ እየቀዳ ለባላጋራቸው ይሸጣል።

ወንድሟም ከዚሁ ሰው ፊት ተቀምጦ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከወንድሟ ጋር እናት እንጂ አባት አይጋሩም፤ የአባት ስማቸው አይገናኝም። ሾፌር ነበር፤ ሳያውቅ በጫነው የጦር መሣሪያ ተከሰሰ። ነፃ የሚያወጣው ምስክር መሣሪያው የተጫነበት መጋዘን ዘበኛ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌውን ደግሞ የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሸሽጎታል። ወንድሟ ሽማግሌው የተሸሸገበትን ቤት፣ ምስክር አድርጎ እንዲያቀርብለት ለጠበቃው ነገረው። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ተገድሎ ተገኘ። ወንድሟ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሁለቱን ሳይጨርስ እስር ቤት ሞተ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ቂም ይዛ ለስርቆት መጣች።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ።

የጸሐፊዋ አይደለም።

ጠበቃው ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ ገባ። ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጥሮበታል። ቆቅ ወንበሯ ላይ ሆና ዓይኗን በመሐረቡ ትጠርጋለች። ካርዷ ጉንጯን ነካቻት።

«እህቴ፣ ዛሬም?»

«ይቅርታ ጋሼ። ብቻዬን ስሆን ይብስብኛል።»

ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ቀጠሮዋን ነግሮ ሸኛት።

መንገዱን ተሻግራ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት መጸዳጃ ውስጥ ገባች። የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ያዘዛት ካርዷን ሳትከፍት፣ ቢሮ ሳትደርስ፣ በእጁ እንድትሰጠው ነው። እሷ ግን የወንድሟን ድምፅ ፈለገች። ካርዷን ስልኳ ውስጥ ከታ የጆሮ ማዳመጫ ሰካች።

አገኘችው። ተስፋ አድርጓል፤ እየሳቀ ነው የሚያወራው። «አድራሻውን የሰጠችኝ እህቴ ናት። ስለላ ላይ ነው የምትሠራው። አደራ፣ በእሷ እንዳይመጣ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። አዎ፣ ከመዝገብ ሰርቃ የሰጠችው እሷ ነበረች። ለዘበኛው ሞት መንገዱን የከፈተችው እሷ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅጂ ሌላ ሰው ተናገረ። ጠበቃው እሱንም ቀድቶታል። «ለመሣሪያው ባለቤቶች ንገራቸው። ሰውየው ቢሞት በእኛ በኩል የሚመረምር አይኖርም።»

ድምፁን ለየችው።

አለቃዋ ነው።

ለካስ የላካት የራሱን ጉድ እንድትሰርቅለት ኖሯል። ሁለቱን ቅጂዎች እያፈራረቀች አሰበች። የወንድሟን ብታጠፋው ማንም አያውቅም። ግን አለቃዋ በማን ሞት እንደተስማማ የሚያስረዳው የወንድሟ ቃል ነው። አላጠፋችውም።

ስድስት ሰዓት ላይ አለቃዋ የአውቶቡስ መናኸሪያው ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠበቃት። ካርድ ሰጠችው። ስልኩ ውስጥ ከትቶ አየ። ባዶ ነው።

«ሰምተሽዋል» አለ፣ ጋዜጣውን ሳያጥፍ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ስወድቅ ብቻዬን እንደማልወድቅ ገብቶሻል። የማን እህት እንደሆንሽ ጠበቃው ያኔውኑ ነግሮኛል፤ አንቺን የላክሁትም ለዚሁ ነው። የእኔንም የወንድምሽንም እናጥፋ። ለጠበቃው የሌሎቹ ይበቁታል።»

«ሙሉውን ለመሥሪያ ቤቱ የቁጥጥር ክፍል ኃላፊ አስረክቤ ነው የመጣሁት።»

እጁ ወደ ኮቱ ገባ።

የእጁን አንጓ ቀድማ ያዘች።

ትኬት መቁረጫው ጋ ተሰልፈው የነበሩ ሁለት የቁጥጥር ክፍሉ ሰዎች ደረሱ። ሽጉጡን የቀሙት አንድ ሕፃን እንኳ ሳያለቅስ ነው።

ጠበቃው ከሰዓት በኋላ ካባውን እንደለበሰ ተያዘ። ከወር በኋላ ቆቅ ቃሏን ልትሰጥ እስር ቤት ስትሄድ በመስታወት አየችው። ራሱ ጠበቃ ቀጥሯል። ጠበቃዋ ወረቀት ዘርግታ ምንም ሳይደብቅ እንዲነግራት ትለምነዋለች። እሱ ጠረጴዛውን ከሥር ይዳብሳል፤ ግድግዳውን ያያል፤ ተናገር ቢሉት አፉ አልላቀቅ አለው። ቆቅ ቆማ እስኪበቃት አየችው። ደስ አላት። ክፉ ደስታ ነበር፤ አላፈረችበትም።

በራሷ ላይም መሰከረች። ከሥራ ተባረረች፣ ስምንት ወር ታሰረች። ፍርዱ የተነበበ ቀን የዘበኛው ሴት ልጅ ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት።

«አባቴን ለወንድምሽ ስትዪ ነው የሰጠሽው?»

«አዎ።»

ልጅቷ ጠጋ አለቻት። ቆቅ ትመታኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትመታት ይቀላት ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ዛሬ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ቁልፍ የምትተክል፣ ድሮ ቆቅ ትባል የነበረች ሴት አለች። አሠሪዋ ሥራዋ ጥሩ መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቅም። ደንበኞች ሲገቡ ቀና አትልም።