መርዶ በሶስና ድምፅ

ኢክራም በሟች ጓደኛዋ ድምፅ መዝፈን ከጀመረች አምስት ወር ሆኗታል፤ ሥራ ነውና ለምዳዋለች። መድረክ ከመውጣቷ በፊት አገጯ ሥር ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ሁለት ጊዜ ትጫናለች። ጉሮሮዋ ሞቅ ይላል፤ ከዚያ የሚወጣው የሶስና ድምፅ ነው። ሲያበቃ ሦስት ጊዜ ትጫናለች፤ የራሷ ይመለሳል።

እብጠቷ ማቃኛ ትባላለች፤ የዘፋኝን ድምፅ ከዜማው እንዳይወጣ የምታርም፣ የባልደረቦቿንም ድምፅ የምትይዝ መሣሪያ ናት። ለሦስቱም ልጆች፣ ለኢክራም፣ ለሶስናና ለናርዶስ፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው ያስገባላቸው፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግ ላይ ሲዘፍኑ አይቶ የወሰዳቸው ድርጅት ነው። ቡድኑን «ጉልቻ» ያለችው ሶስና ነበረች፤ አንዳችን ከጎደልን ድስቱ ይደፋል እያለች። በዓመቱ የማያውቃቸው ልጅ ጠፋ። እንቅልፋቸው ተለክቶ፣ ምግባቸው ተመጥኖ፣ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ሁለት ዓመት አለፈ።

ጅቡቲ ለዝግጅት በሄዱበት ሶስና በሦስት ቀን ትኩሳት ሞታ እዚያው ተቀበረች። እናቷ እትዬ አስካለ ልቧ ደካማ ነው፤ ዓይኗም ከጠፋ ቆይቷል። የሶስና አጎት መርዶው እናትየው እስክታገግም ይቆይ አለ። ድርጅቱም ይህን ሲሰማ፣ ሞቷን ደብቆ ዝግጅቱን መቀጠል ይችላልና፣ እፎይ አለ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ከብርሃን የተሠራ የሶስና ምስል አፉን ይከፍታል፤ ኢክራም ከጎኑ ቆማ ትዘፍንለታለች። እትዬ አስካለ እሑድ እሑድ በሬዲዮ እየሰማች ልጄ ሥራ በዛባት ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኢክራም ዳቦ አቀብዪኝ ስትል፣ ሦስተኛዋ ልጅ ናርዶስ ኩባያውን ከእጇ ለቀቀችው። ኢክራም እብጠቷን ሦስት ጊዜ ተጫነች። ደግማ ተጫነች። የራሷ ድምፅ አልመጣም።

የድርጅቱ ባለሙያ መሣሪያውን አየና ዓይኗን ሳያይ ተናገረ። የሶስና ድምፅ የኢክራም በተቀመጠበት ላይ ተጽፏል፤ ሊመለስ አይችልም። ማቃኛዋ ትውጣልኝ ብትለው፣ ከወጣች ጨርሶ ድምፅ አይኖርሽም አላት። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበርና፣ እንዲያውም መቀያየሩ ቀረልሽ ብሎ ወጣ።

ኢክራም ብዙም አላለቀሰችም። ለነገሩ ያ ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ሶስና «የባጃጅ ጥሩምባ» እያለች ታበሽቃት ነበር። የወደደላት አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስትሞት ወስዳ ከሶስና ጋር ያሳደገቻት እትዬ አስካለ።

የሶስና ድምፅ ለዘለቄታው ከተገኘ መርዶው ዛሬ ነገ እየተባለ እንዳይቀር ፈራች። ለናርዶስ በወረቀት ጻፈችላት፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነውና ጎህ ሲቀድ ደረሱ። እትዬ አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ማነው በዚህ ማለዳ?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ናርዶስ።»

«የሁለት ሰው ኮቴ ነው የሰማሁት» አለች አሮጊቷ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «ጎህ ሲቀድ የሚመጣ ሰው የሚያመጣውን አላጣውም። ከልጆቼ የትኛዋ ናት?»

ናርዶስ ዓይኗን ወደ ኢክራም መለሰች። ኢክራም ዝም እላለሁ ያለችው አልሆነላትም።

«እማዬ» አለች።

እትዬ አስካለ ፊቷ በራ። «ሶስዬ! አለሽልኝ?» ብላ እጆቿን ዘረጋች፤ ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ጭንቅላቷን አሸተተች። ወዲያው እጆቿ ቆሙ። «እንግዲያው ኢክሩ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ናርዶስ አፏን ስትከፍት ኢክራም ክንዷን ጨመቀች። አይደለም ማለት ነበረባት። ግን ያን ቃል በየትኛው ድምፅ ትበለው?

እትዬ አስካለ ደረቷን መታች። ያቺ ድምፀ ሻካራ ልጄ፣ እያለች አነሳች። ሌሊት ሳስል ውሃ ይዛ ትቆም የነበረች፤ እንጀራ ሲያንስ ጠግቤያለሁ የምትል፣ እኔ ግን የማውቅባት። ኢክራም እነዚህን ነገሮች ማንም አላየኝም ብላ ነበር የኖረችው። እንዲህ የሚያለቅስላት ሰው እንዳለም አታውቅም ነበር።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች፣ ዓይናቸው የሚያይ ሰዎች፣ የግቢውን በር እየገፉ ነው።

«ኢክሩዬ! ኢክሩዬ!» አለች እትዬ አስካለ።

ኢክራም አቤት ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።