ግማሹ ለምስክር

«ሚዛኑ ተሠራ?»

«ሠሪው ታሟል።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። እሷም በጋዜጣ የጠቀለለችውን ድንጋይ ሰጠችው።

ቦታው የዩኒቨርሲቲው የመሬት ሳይንስ ክፍል ጓሮ ነው፤ ቀን ቀን እንደ ምድጃ የሚግል የቆርቆሮ መጋዘን። ከመሬት ሆድ በመሰርሰሪያ የወጡ፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ የረዘሙ ድንጋዮች በየመደርደሪያው ተጋድመዋል።

ልጅቷን ጓደኞቿ የሚያውቋት ዝምተኛ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አድርገው ነው። ለስለላ ቢሮዋ ግን «መጅ» ናት። ወደ ክፍሉ የላኳት የመሬት ጥናት እየሰረቀ ለአንድ ኩባንያ የሚሸጠው ማን እንደሆነ እንድትደርስበት ነበር።

ኩባንያው ኮረብታው አናት ላይ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ እየሠራ ነው። ከኮረብታው ሥር ደግሞ ሰፈር አለ፤ ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ሰፈር። ያ ድንጋይ የወጣው ከዚያው ኮረብታ ሆድ ነው። መሃሉ ላይ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ጭቃ አለበት። ማጠራቀሚያው የሞላ ዕለት ኮረብታው ተንሸራቶ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። ዛሬ ከሰዓት ችሎት አለ። ድንጋዩ ከጠፋ ነገሩ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

«ለሾፌሬ ስጪው፣ ችሎት ያደርሰዋል» ብሏት ነበር አለቃዋ፣ «አጎት» የሚሉት። «እሱ ስለ ድንጋይ የሚያውቀው ጎማውን ሲመታው ብቻ ነው።»

ሾፌሩ ጋዜጣውን ገለጠ። ድንጋዩን ወደ አፉ አስጠጋ።

ላሰው።



ሾፌር ድንጋይ አይልስም። የሚልስ የሥነ ምድር ሰው ነው፤ ጭቃ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ተማሪዎቹ «አባ ድንጋይ» የሚሏቸው ፕሮፌሰር ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አስልሰዋቸዋል። «ሁለተኛ ዲግሪ የሚጀምረው ከምላስ ነው! አፈር ያልቀመሰ አፈር አያውቅም!»

ሰውዬው ድንጋዩን አገላበጠ። አንድ ጎኑ በመጋዝ የተሰነጠቀ፣ ልሙጥ ነው።

«ግማሹስ?»

«ለምርመራ ተፈጨ።»

ሳቀባት። «እኔም እኮ የሳቸው ተማሪ ነበርኩ፣ እህቴ። ግማሹ ለምርምር፣ ግማሹ ለምስክር! አባ ድንጋይ ምስክር አያስፈጩም።» ስልኩን አወጣ። «አጎት፣ ሌላው ግማሽ ሽማግሌው ቢሮ ነው የሚሆነው። ሰዎቹ ይሂዱ።»

አጎት።

ከሥልጠናዋ ቀን ጀምሮ «የኔ ልጅ» ሲላት የኖረው ሰው። ሌባ ፈልጊ ብሎ የላካት ሌባው ራሱ ነበር።

ሰውዬው ስልኳን ነጥቆ፣ በሩን ከውጭ ቀርቅሮባት ሄደ። ሞኝ! ምስክሩን ግማሽ ከእሷው ጋር ቆለፈው። ሌላዋ ትንሽ ስልክ ደግሞ ካልሲዋ ውስጥ ነበረች። አውጥታ ለአባ ድንጋይ ደወለች።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ከቢሮ ይውጡ! ሰዎች እየመጡብዎ ነው።»

«ምስክሩስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እነሱ ግን እኔ ጋ ያለ መስሏቸዋል።»

በሩን ገፋችው፤ አልተነቃነቀም።

«እንግዲያው እኔ ከወጣሁ አንቺን ሊፈልጉ ነው። ቁጭ ብዬ መሳቢያ ላስፈትሻቸው። መሳቢያ መቼም ሞልቶኛል።»

«ጋሼ፣ አፈር ስሆን!»

«የአፈሩን ነገር ለእኔ ተይው።»

«ጋሼ… እኔ ተማሪ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ድንጋይ እየላሰ በር በር የሚያይ ተማሪ አይቼ አላውቅም።» ሳል ያዛቸው። «የኔ ተማሪ ግን ነሽ። ሂጂ፣ ልጄ።»

እንባዋን አልጠረገችም። ከመለማመጃ ድንጋዮች ጋር ተመሳስሎ የተኛውን ግማሽ ከመደርደሪያው አነሳች። አባ ድንጋይ «ይጠገን» እያሉ ሲጨቀጭቁበት የኖሩት የላላ ቆርቆሮ በስተኋላ ነበር። ገፋችው። ወጣች።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ከምሳ ከሚመለሱት ተማሪዎች ጋር ተደባልቃ፣ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በዋናው በር አለፈች።

ችሎት ላይ ዳኛው ድንጋዩን ውሃ አስነኩት። ጭቃው በጣታቸው መሃል አሟለጨ። ሥራው ይቁም አሉ። አጎትና ሐሰተኛው ሾፌር ሊያመልጡ ሲሉ ተያዙ። ከኮረብታው ሥር ያሉት ምን እንዳለፋቸው እንኳ ሳያውቁ ልብስ አሰጡ፣ ልጅ ተቆጡ።

አባ ድንጋይ ግን ቢሮአቸው ውስጥ ተገኙ። መሳቢያዎቹ ሁሉ ተበርብረው፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ።

«ልባቸው ነው» ተባለ።

አዎ፣ ልብ ነው። ልብ የሌለውማ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

የስለላ ቢሮዋ «ሰው ፊት እንዳትታዪ» ብሎ አዘዛት። የምረቃው ቀን ስሟ ቢጠራም የሚነሳ ሰው አይኖርም፤ ስሙም የውሸት ነው። በቀብሩ ቀን ቀባሪው እስኪበተን ከመካነ መቃብሩ ግንብ ሥር ቆመች። ከዚያ መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከች። ሰው ሁሉ «አፈር ይቅለላቸው» ብሎ ሄዷል። እሷን ግን ሳይቀምሱ ማመንን ማን አስተማራት?

ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችው።

አልተጣበቀም። ጥርሷ ላይ ተንቋቋ።

«አሸዋ ይበዛዋል፣ ጋሼ» አለች። «ቀላል ነው።»

ጉልበቷን አራገፈች። ከበሩ ውጭ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ነበር። ሄዳ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች። ማንም ዞሮ አላያትም።